ከሆሣዕና እስከ ደመራ፦ ወደ አንድ የኤክስሬይ ክፍል የተደረገ ጉዞ

ከምኖርበት ከፒከሪንግተን ተነስቶ ወደ ዩኒቨርሲቲው የሚሄድ ሰው ሰባ ቁጥር ሃይዌይን ይዞ ኮሎምበስ መሀል ይገባል፤ ከዚያ ወደ ሰሜን ይታጠፋል። መንገዱ ካልተዘጋጋ ግማሽ ሰዓት ቢፈጅ ነው። እኔን ግን ከሆሣዕና እስከ ደመራ ፈጅቶብኛል። በግመል በረሃ ያቋረጡ ሰዎች የጉዞ ማስታወሻ ከጻፉ፣ እኔ በአሮጌ ካምሪ ኮሎምበስን ያቋረጥኩት ሰውዬ የማልጽፍበት ምክንያት አይታየኝም። ግመል ቢያንስ ፓርኪንግ አይጠየቅበትም።

የተነሳሁበትን ጉዳይ ልንገራችሁ። በሆሣዕና ዑደት ላይ ዲያቆን ሙላቱ የቤተ ክርስቲያናችንን ትልቁን የመጾር መስቀል በዘንጉ ከፍ ሲያደርገው "ቋ" የሚል ድምፅ ተሰማ። እኔ ከኋላው ነበርኩና የጉልበቴ ድምፅ መስሎኝ ወደ ታች አየሁ። ጉልበቴ ለአንዴ ንጹሕ ሆኖ ተገኘ። የተሰነጠቀው የመስቀሉ አንገት፣ ዘንጉ የሚገባበት ቦታ ነበር።

ይህን መስቀል ሙላቱ ከሱዳን የስደተኞች ካምፕ በብርድ ልብስ ጠቅልሎ፣ አውሮፕላን ላይ ጭኑ ላይ አስቀምጦ ያመጣው ነው። ዛሬ ኦቤትስ የሚባል ሰፈር ባለ መጋዘን ውስጥ ዕቃ ማንሻ መኪና፣ ፎርክሊፍት፣ ይነዳል፤ ፀጉሩ እንደኔው ነጭ ነው፤ በበዓል ቀን ግን ያንን መስቀል ከእሱ በቀር ያነሳው የለም። የሰበካ ጉባኤያችን ተሰብስቦ "ይህ ነሐስ በሰው አናት ላይ ቢወድቅስ? መስታወት ሳጥን ውስጥ ይግባና አዲስ እንግዛ" አለ። ሙላቱ ኮፍያውን እያዞረ ወለሉን ብቻ ያይ ነበር። እሱን ሳይ አፌ ከእኔ ቀድሞ ተከፈተ።

"እኔ ኤክስሬይ ላንሳውና ውስጡን እንየው" አልኩ። "ስንጥቁ ላይ ላዩን ብቻ ከሆነ ይነሳል። ጥልቅ ከሆነ ሳጥኑ ይግባ።"

ባዶ ጉራ አልነበረም። አገር ቤት ሳለሁ ሥራዬ የነዳጅ ታንከር ብየዳ በኤክስሬይ መፈተሽ ነበር። እዚህ አሜሪካ ደግሞ ጡረታዬ ስላልበቃኝ በሳምንት ሁለት ቀን በዩኒቨርሲቲው የብረት ወርክሾፕ እሠራለሁ፤ ብረት እቆርጣለሁ፣ ወለል እጠርጋለሁ፣ ተማሪዎች ጣታቸውን እንዳይቆርጡ እጮኻለሁ። ከወርክሾፑ ጀርባ ፍሪጅ የሚያክል የኤክስሬይ ካቢኔ አለ። የላቦራቶሪው ኃላፊ የሆነችው ፕሮፌሰር ጉዳዩን ስነግራት ደስ አላት፤ "የጨረር ደኅንነት ቢሮ ይፍቀድልህ እንጂ እኔ እሺ ብያለሁ" አለችኝ። ጉባኤው እስከ መስቀል በዓል ጊዜ ሰጠኝ። እኔም "ምን አላት? የአንድ ሳምንት ሥራ ናት" አልኩ። እንዲህ ያልኩትን የሰሙ ሁሉ ዛሬም ይጠቅሱብኛል።

የመጀመሪያው ጉዞ፦ ምድር ቤት

ከረፋዱ ላይ ደረስኩ። ሠራተኛ ብሆንም የእኔ ፓርኪንግ በሌላው ጫፍ ነውና በጎብኚዎች ቦታ ከፍሎ መቆም ግድ ሆነ። የጨረር ደኅንነት ቢሮው ከሕንፃ ጀርባ ያለ ሕንፃ ምድር ቤት ውስጥ ነው። ሦስት ሰው ጠይቄ ሦስቱም በተለያየ አቅጣጫ ጠቆሙኝ፤ ሦስቱም ፈገግ ብለው "ሃቭ ኤ ናይስ ዴይ" አሉኝ።

ውስጥ ያገኘኋት ሴት ዶና ትባላለች። መነጽሯን በገመድ ያንጠለጠለች፣ ቀስ ብላ የምትናገር፣ የማትቸኩል ሴት ናት። እኔ የማልወደው ዓይነት ሰው፤ ምክንያቱም ትክክል ናት።

"ልምድ አለዎት?" አለችኝ።

"እንዴት የሌለኝ! እኛ ታንከር ስንፈትሽ ዙሪያውን ገመድ እንወጥራለን፣ ፊሽካ እንነፋለን፣ የጨረሩን ምንጭ ከሳጥኑ እናወጣለን፣ ከዚያ እንሮጣለን።"

የምትጽፍበት እስክሪብቶ ቆመ። "ትሮጣላችሁ?"

"በጣም በፍጥነት" አልኳት፤ የወጣትነት ጉልበቴ ትዝ ብሎኝ ትንሽ ደረቴን ነፋሁ።

ዶና ከምወስዳቸው ሥልጠናዎች ዝርዝር ላይ አንድ ተጨማሪ ምልክት አደረገችልኝ። በዚች አገር ልምድ ማለት ተጨማሪ ኮርስ ማለት እንደሆነ የገባኝ ያን ጊዜ ነው።

ሁለተኛው ጉዞ፦ ከወጥ ቤት ሳይወጡ

ሥልጠናው ኦንላይን ስለነበር ይህን ጉዞ ያደረግሁት ልጄ ሰላም ቤት፣ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ነው። እኔ የምኖረው እሷ ጋ ነው። የመጀመሪያው ገጽ ላይ ስለ ፅንስ ደኅንነት የሚገልጽ ክፍል መጣ፤ መጨረሻው ላይ እርጉዝ መሆንህን ለማሳወቅ ትፈልግ እንደሆነ ይጠይቃል። አንዱን ሳይጫኑ ማለፍ አይቻልም።

"ሰላም፣ ነይ እስቲ። እርጉዝ ነኝ እንዴ?"

"አባዬ፣ ሲሪየስሊ?" መጥታ አየችው። "ጀስት ክሊክ ኖ።"

"ሆዴን አይተሽ ነው ወይስ ዕድሜዬን?"

ፈተናውን ወደቅሁ። ዕድሜዬን በሙሉ ከጨረር ጋር የኖርኩ ሰውዬ ወደቅሁ! ጥያቄው "የማስጠንቀቂያ መብራቱ ቢበላሽ ምን ያደርጋሉ?" ይላል። ከምርጫዎቹ ውስጥ "ሩጥ" የሚለውን ብፈልግ ብፈልግ አጣሁት፤ ወደ እሱ የሚቀርበውን መረጥኩ። ትክክሉ "ሥራ አቁሞ ለቢሮው ማሳወቅ" ነበር። በሁለተኛው ሙከራ መልሱ ለማይገባኝ ሁሉ "ለቢሮው ማሳወቅ" እያልኩ አለፍኩ። ሰርተፊኬቴን ሰላም ፍሪጁ ላይ፣ ከልጇ የሥዕል ሥራ አጠገብ ለጠፈችው።

ሦስተኛው ጉዞ፦ የራሳችን ቢሮ

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ጉባኤው ፊት ቀረብኩ። የጉባኤያችን ገንዘብ ያዥ እትዬ አልማዝ፣ እግዜር ይስጣትና፣ ጠንቃቃ ሴት ናት።

"ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅ። ጨረሩ መስቀሉ ላይ ይቀራል? ሕፃናት ከሥሩ ይሰለፋሉ እኮ።"

"አልማዝ፣ መብራት ስታጠፊ ብርሃኑ ግድግዳው ላይ ይቀራል?"

"አይቀርም።"

"ይኸውልሽ።"

"ገብቶኛል" አለች። ትንሽ አሰብ አደረገችና "በጽሑፍ አምጣልን" አለች።

በማግሥቱ እንደገና ወደ ምድር ቤቱ። ዶና ጥያቄውን ስትሰማ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች፤ "ይቺ ሴት ሥራ ከፈለገች ይንገሩኝ" አለችና ባለ ሁለት መስመር ማረጋገጫ ጻፈችልኝ። ሁለት ቢሮ እርስ በርሱ ሲደናነቅ መሀል ላይ የሚመላለሰው ካምሪ ነዳጅ ይጠጣል።

ሌላም እንቅፋት ነበር። መስቀሉን ከካህንና ከዲያቆን በቀር ሌላ ሰው ይዞት አይሄድም፤ ላቦራቶሪው ውስጥ ደግሞ ያለ ፈቃድ ማንም አይገባም። ሙላቱ የክህነት ፈቃድ አለው፣ የኤክስሬይ የለውም። እኔ የኤክስሬይ ሊኖረኝ ነው፣ ክህነት የለኝም። ዶና ብዙ አስባ "ጓደኛዎ በእርስዎ አጃቢነት እንደ ጎብኚ ይገባል፣ ዕቃውን ያስገባል፤ ማብሪያውን ግን አይነካም" ብላ ፈታችው። እውነቱን ለመናገር፣ ከብዙ ሽማግሌ የተሻለ ሽምግልና ነበር።

አራተኛው ጉዞ፦ ፖላሪስ፣ በሳል ምክንያት

የመለኪያ ባጅ ተሰጠኝ። ክብሪት ቀፎ የምታክል ፕላስቲክ ናት፤ ሰውየው የተቀበለውን ጨረር እየመዘገበች ትቆያለች፣ በየሦስት ወሩ ተልካ ትነበባለች። ዶና "እንዳትጠፋብዎ" አለችኝ። እኔ መነጽሬን፣ ቁልፌን፣ ስልኬን፣ አንድ ጊዜም ካምሪዋን ራሷን የጣልኩ ሰው ነኝ። በሕይወቴ ጥዬው የማላውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ማተቤ። ስለዚህ ባጇን ማተቤ ላይ አሰርኳት። በብልኀቴ በጣም ተደሰትኩ፤ ለሙላቱም ደውዬ ነገርኩት።

ባጇ ብትመጣም የተግባር ሥልጠና የሚሰጠው ሰው ዕረፍት ላይ ነበርና ማሽኑን መንካት አልተፈቀደልኝም። በዚያ መሀል ሳል ያዘኝ። አልሰማ ብላትም ሰላም ጎትታ ፖላሪስ አካባቢ ያለ ክሊኒክ ወሰደችኝ። ከፒከሪንግተን ፖላሪስ ከተማውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ማቋረጥ ነው፤ ሱቁ ብዛቱ፣ መብራቱ ብዛቱ። ሐኪሙ ደረቴን ሲቲ ስካን እንድነሳ አዘዘ። ባለሙያው ልጅ ሰዓቴን፣ ቀበቶዬን፣ ሳንቲሜን አስወጣኝ። አንገቴ ላይ ያለውን ጥቁር ክር አይቶ "ይሄስ?" አለኝ።

"ይሄ አይወጣም" አልኩት ኮስተር ብዬ። "የሃይማኖቴ ነው።"

ልጁ ጨዋ ነው፤ ይቅርታ ጠይቆ "ብረት ከሌለው ይሁን" አለኝ። ብረት የለውም። ጋደም አልኩ። ሳንባዬ ደኅና ነው ተባልኩ፤ በመልሱ ሰላም ከመኪና ሳንወርድ ሾርባ ገዛችልኝ፣ ጨው አልነበረውም።

አምስተኛው ጉዞ፦ ቢጫው ቴፕ

ፍልሰታ ገባ። ባጇን መልሼ በምትኳ አዲስ ተቀብያለሁ። አንድ ቀን ምስር ወጤን በቴርሞስ ይዤ ወርክሾፕ ስደርስ የካቢኔው ክፍል በር ላይ ቢጫ ቴፕ ተለጥፏል። ፕሮፌሰሯ ኮሪደር ላይ ቆማለች፤ ሁለት ተማሪዎች የሰው ለቅሶ ላይ እንዳሉ ግድግዳ ተደግፈዋል።

"ባጅህ ከፍተኛ ጨረር አሳይቷል" አለችኝ። "ማሽኑ እያፈሰሰ ሊሆን ይችላል። እስኪጣራ ተዘግቷል፤ ያንተም ማመልከቻ ቆሟል። የእነሱም መመረቂያ ሥራ እንደዚሁ።"

"እኔ እኮ አንድም ቀን አላበራሁትም!"

"ነገሩን ያከፋውም እሱ ነው።"

ተናደድኩ። ስንት ወር ስለ ደኅንነት ሲያስተምሩኝ ከርመው ለካ ማሽናቸው ያፈሳል! ቴርሞሴን እንደያዝኩ ምድር ቤት ወረድኩ። ዶና ፊት ቆሜ ንግግር አደረግሁ፤ ስለ አሮጌ ማሽን፣ ስለ በር መዝጊያ፣ ስለ ታንከሮቻችን፣ በመጨረሻም ስለ ሩጫ። ዶና እስክጨርስ ጠበቀችኝ።

"ባጅዎን የት ነው የሚያስቀምጡት?"

"የማይጠፋበት ቦታ!" ብዬ የሸሚዜን ቁልፍ ፈትቼ ማተቤን ጎትቼ አወጣሁ። አዲሷ ባጅ ተንጠልጥላ ወዲያ ወዲህ ትወዛወዛለች።

ዶና መነጽሯን አደረገች። "ሁልጊዜ እዚያ ነው?"

"ሁልጊዜ! ስተኛም፣ ስታጠብም!"

"በዚህ ሦስት ወር ሐኪም ቤት ሄደው ምርመራ ተነስተው ነበር?"

ጋደም ያልኩበት አልጋ፣ ዙሪያዬን የዞረው ትልቁ ቀለበት፣ "ይሄ አይወጣም" ያልኩበት ኩራት፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ መጡብኝ። ወንበሩን ፈልጌ ተቀመጥኩ። ማሽኑ አላፈሰሰም። ያፈሰስኩት እኔ ነኝ።

ዶና አልሳቀችብኝም፤ ብትስቅብኝ ይሻል ነበር። ምርመራውን የሚያረጋግጥ ወረቀት ከክሊኒኩ ያምጡ አለችኝ። ባጇም ከእንግዲህ ላቦራቶሪው ውስጥ ካለው መስቀያ አትወርድም።

"ማተቡስ?" አልኳት።

"ማተቡ የእርስዎ ነው፤ ባጁ ግን የእኔ ነው" አለችኝ። በዚያ ዓመት ከሰማሁት ሁሉ አጥጋቢው ውሳኔ ይህ ነበር።

እንግዲህ እንደገና ፖላሪስ። ክሊኒኩ ወረቀቱን ለእኔ ሳይሆን ለዩኒቨርሲቲው በፋክስ ብቻ እልካለሁ አለ። ዩኒቨርሲቲው ፋክስ አይቀበልም፣ በኢሜይል ብቻ ነው አለ። ሰላም ከሥራዋ ወጥታ በአሜሪካንኛ ስትቆጣላቸው በአሥር ደቂቃ ተላከ። እኔ በአማርኛ የተቆጣሁት አይቆጠርም መሰለኝ። ለፕሮፌሰሯና ለሁለቱ ተማሪዎች ይቅርታ ጠይቄ ሰላም የጋገረችውን የጾም ኬክ ወሰድኩ። አንደኛው ልጅ እየጎረሰ "በዚህ ምክንያት አንድ ሳምንት እንቅልፌን ጠገብኩ፤ ሰር፣ ድጋሚ ሲቲ ስካን አይነሱም?" አለኝ።

ስድስተኛው ጉዞ፦ ማብሪያው

ፈቃዱ የመጣው መስቀል ሊደርስ ጥቂት ቀን ሲቀረው ነው። ኢሜይሉን ቆሜ አነበብኩት።

ሙላቱ መስቀሉን በነጭ ጨርቅ ጠቅልሎ፣ የጎብኚ ምልክት ደረቱ ላይ ለጥፎ መጣ። አማተበ፣ መስቀሉን ካቢኔው ውስጥ አስተካክሎ አስቀመጠ፣ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ወለሉ ላይ ከተሰመረው ቢጫ መስመር ውጭ ቆመ። እኔ በሩን ዘጋሁ፣ መብራቱን አየሁ፣ ማብሪያውን ተጫንኩ። ከሆሣዕና ጀምሮ የደከምኩላት ነገር ብልጭ ብላ አለቀች።

ምስሉ ስክሪኑ ላይ ወጣ። የመስቀሉ ሐረግ ሁሉ ጥርት ብሎ ይታያል፤ ሙላቱ "እሰይ፣ እንዴት ያምራል" አለ። እኔ ግን አንገቱን እያየሁ ነበር። ስንጥቁ ከውጭ ጀምሮ ወደ ውስጥ ይገባል፣ ነሐሱ ቀልጦ ሲፈስስ የቀሩ የአየር ኪሶች ውስጥ ያልፋል፣ ሌላኛው ጎን ሊደርስ ትንሽ ይቀረዋል። እንዲህ ያለ መስመር ብዙ አይቻለሁ። እንዲህ ያለ ታንከር አላሳለፍኩም።

"እህስ?" አለኝ።

"በደንብ ላየውና ኮል አደርግልሃለሁ" አልኩት። ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ሰማሁት። ቢሮዎቹ ስንት ወር ሲመልሱልኝ የከረሙትን መልስ ነው የመለስኩለት።

ሰባተኛው ጉዞ፦ ኦቤትስ

በማግሥቱ በምሳ ሰዓቱ መጋዘኑ ጋ ሄድኩ። ትራኮች ተሰልፈዋል፤ የኦቤትስ አቧራና የናፍጣ ሽታ አለ። ሙላቱ ቢጫ ቬስቱን እንደለበሰ የካምሪዬን በር ከፍቶ ገባና ሳንድዊቹን ፈታ።

"ተናገር። በስልክ ለሚያልቅ ነገር በአካል ከመጣህ መጥፎ ነው።"

"አይነሳም፣ ሙላቱ።"

"ማነው ያለው?"

"እኔ።"

"አንተ?" ሳንድዊቹን ዳሽቦርዱ ላይ አስቀመጠው። "ይህን ሁሉ ወር የዞርከው እኔን ለመከልከል ነው? አንተም ቢሮ ከፈትክ?"

"ከፈትኩ።"

"ትንሽ ዝቅ አድርጌ ብይዘውስ?"

"ዘንጉ ላይ ከሆነ ዝቅም ብታደርገው ይሰበራል። ከሥሩ ሕፃናት ይቆማሉ።"

ፊቱን ወደ ትራኮቹ አዞረ። ዶና በእኔ ላይ ስትወስን ምን ይሰማት እንደነበር ያን ጊዜ አወቅሁ። ወደ እኔ ሳይዞር፣

"ከሱዳን ሳመጣው በዘንግ ነበር እንዴ ያመጣሁት?" አለ።

"በብርድ ልብስ ነበር።"

"በክንዴ ነበር።" ዞሮ አየኝ። "በክንዴ ብይዘው ቢሮህ ምን ይላል?"

አሰብኩ። እውነቴን ነው፣ ቸኩዬ አልመለስኩም፤ ክብደቱን፣ ስንጥቁ የሚሸከመውን፣ የሙላቱን ትከሻ ሁሉ አሰብኩ። "ዘንግ የለም። ከደረት በላይ አይወጣም። ከሥሩ በሁለት እጅ ይደገፋል" አልኩት። ሳንድዊቹን አንስቶ ከሁለት ቆርሶ ግማሹን ሰጠኝ።

ደመራ

በቤተ ክርስቲያናችን ፓርኪንግ ላይ ደመራው ቆመ። ሙላቱ መስቀሉን በነጭ ጨርቅ ላይ አድርጎ፣ ሕፃን እንደታቀፈ አድርጎ፣ በክንዱ ይዞት ወጣ። ስንት ዓመት አንጋጠን ከሩቅ ያየነው መስቀል ለመጀመሪያ ጊዜ ፊት ለፊታችን መጣ። ሕፃናቱ መሰላል ሳያስፈልጋቸው ተሳለሙት፤ አንዲት ልጅ ሐረጉን በጣቷ እየተከተለች "ኢትስ ሶ ፕሪቲ" አለች። እትዬ አልማዝ በጽሑፍ ያስመጣችውን ማረጋገጫ ረስታ ከአዋቂዎቹ ሁሉ ቀድማ ግንባሯን አስነካች።

እኔ ከሙላቱ ጎን ጎን እሄድ ነበር። ስላላመንኩት አይደለም፤ ምስሉ ዓይኔ ላይ ስለቀረ ነው። ወደ ደመራው ስንቀርብ መሬቱ ትንሽ ቁልቁል ነው፤ ሳላስበው እጄ ከመስቀሉ ሥር ተዘረጋ።

ሙላቱ ዝማሬውን ሳያቋርጥ ጎንበስ ብሎ በጆሮዬ፣ "እጅህን ሰብስብ፤ ፈቃድ የለህም" አለኝ።

ሰበሰብኩ።

ማታ ሰባን ይዤ ወደ ፒከሪንግተን ተመለስኩ። መንገዱ ባዶ ስለነበር እውነትም ግማሽ ሰዓት አልሞላም። ከጉዞው የተማርኩት ነገር አለ፤ የሚከለክለውን ሰው ሁሉ ጠላት ማድረግ ቀላል ነው፣ አንድ ቀን ወንበሩ ላይ እስክትቀመጥ ድረስ። በሩን ስከፍት ሰላም ሶፋ ላይ ሆና ትጠብቀኛለች፤ ዓይኗ መጀመሪያ የሄደው ወደ አንገቴ ነው። ማተቤን ብቻ አይታ ተረጋጋች።

"እንዴት ነበር፣ አባዬ?"

"ተከለከልኩ" አልኳት፤ ፈገግታዬ ግን አልደበቅ አለኝ።